የተወራረዱባት በቅሎዬ

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

የበጉ ጠጉር ዛሬም አልደረቀም። ውጭ አድሮ ውርጭ ይዞታል፤ ሲነኩት እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ጣቶቼ አይታዘዙም። እርሳሷን እንደ እንዝርት ጨብጫት ነው የምጽፍብሽ።

አንቺም እስከ ትናንት የሲሚንቶ ከረጢት ነበርሽ። ባሌ ደምሴ እሳት መለኮሻ ብሎ ከሜዳው አመጣሽ። አራገፍኩሽ፣ በቢላ ቆረጥኩሽ፣ ከጠጉሩ ጆንያ ሥር አኖርኩሽ። ባሌ ፊደል አልቆጠረም። እኔ ማንበብ እንደምችል ያውቃል፤ ምን እንደማነብ ግን አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ከጨው መጠቅለያ፣ ከበርበሬ መጠቅለያ የተለቀመች ፊደል፣ ማን ነገሬ ይላታል።

ሜዳው። ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ያለው የጉግስ ሜዳ። ጣልያን መንገድ እያሠራበት ነው። ክብ መንገድ። ከየትም አይነሣም፣ የትም አይደርስም፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው። መኪና ይሽቀዳደምበታል አሉ። ከየቤቱ አንድ ሰው በተራ ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይሸከማል። የቀረ ይገረፋል። እሱስ ጠላት ነው፤ የጠላት ሥራውን ሠራ።

እኔን የሚያቃጥሉኝ የኛዎቹ ናቸው። ተራቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው አይገቡም! ድሮ ጉግስ ከሚያዩበት ጉብታ ላይ በረድፍ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ መንገድ ሲሠራ ያያሉ። ማንም ሳያስገድዳቸው። በነፃ።

ታኅሣሥ 26፣ ማታ

ደምሴ ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ። ጠላ ቀዳሁ። ጥጌን ይዤ ፈተልኩ። ወሬው ያው ነው፤ መንገድ።

በመታጠፊያው ተጣሉ። ደምሴ ወደ ውስጥ መጋደል አለበት ይላል፤ ፈረስም ሲታጠፍ ይጋደላል። ሽፈራው ቆዳ ነጋዴው አልተቀበለም። «ፈረስ ዓይን አለው፣ አያ ደምሴ! ገደሉን አይቶ ነው የሚጋደለው። መኪና ምን አለው? ፋኖስ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ደግሞ ለምን ክብ ሆነ፣ ቀጥ ብሎ እስከ ጣርማ በር ቢሄድ ለሰውም ይጠቅም ነበር አለ። ጮኹበት። ካልዞረ እንዴት ተቀምጠን እናያለን!

ከዚያ ወጪው። ግራዝማች (ጣልያን ማዕረጋቸውን ገፍፏቸዋል፣ እኛ አልገፈፍናቸውም) በበሬ አሰሉት። ሲሚንቶው ከባሕር ማዶ፣ ካሚዮኑ፣ ቤንዚኑ፣ ድንጋይ የሚፈልጠው ባሩድ። የሸዋ በሬ ሁሉ ተነድቶ ቢሸጥ አይችለውም አሉ። ደምሴ ተነሥቶ ቆመ። የነሱ ንጉሥ ይክፈላ፣ ከኛ ምን ወጣ አለ።

ከኛ ምን ወጣ! ሁለት ጣቱ በዚያ ድንጋይ ተጨፍልቆ የመጣ ሰው ነው። በኑግ ዘይት ያሸሁት፣ በጨርቅ የጠቀለልኩት እኔ። በታሰረው እጁ ነው ዋንጫውን አንሥቶ የተናገረው።

ዋንጫውን ሞላሁለት። ጨዋ ናት፣ አትናገርም ይሉኛል። ይበሉ።

ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ

ታቦቱ ወጥቶ ገባ። ጉግስ የለም። ዘንግ ይዞ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ሜዳውም የለም። ፈረሰኞቹ በእግራቸው ታቦት ሸኙ። እንደ መበለት አንገታቸውን ደፍተው።

ወንድሜ ኃይሌ ከጎረቤላ መጣ፣ በዳማው ፈረስ። እናታችን ደኅና ናት፤ ዓይኗ ግን ጭራሹን ጠፍቷል። የሚያጎርሳት እሱ ነው። ጫካ ግባ ያሉት ብዙ ናቸው። እሷን ለማን ጥዬ ብሎ ቀረ።

ከደምሴ ጋር ሜዳው ሄደው ነበር። ሲመለሱ ኃይሌ ፊቱ ጠቁሯል። ምነው አልኩት። «እታለም፣ ባልሽ ሾፌሩን አባ ቀዩ ይለዋል» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ገባኝ። ለመሞከር የመጡ ሁለት ጣልያኖች አሉ፤ አንዱ ቀይ መኪና ይነዳል፣ አንዱ ጭሷ የሚበዛ። የጉብታው ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ስም አወጡላቸው። አባ ቀዩ። አባ ጭሱ። የፈረስ ስም!

የአባቴ የፈረስ ስም በልቅሶው ላይ ነው የተጠራው። ሰው ደሙን አፍስሶ የሚያገኘውን ስም መንገዳችንን ለዘጋ፣ ሜዳችንን ለበላ ሰው። ደምሴ ጨዋታ ነው ይላል። አሁን ምን ቀረን፣ ትንሽ ብንጫወት ምን አለ ይላል።

ራት አቀረብኩ። ሳህኑን እንዴት እንዳስቀመጥኩት ራሴ ደነገጥኩ።

ጥር 22

ተወራርደዋል። ደምሴና ኃይሌ። ጉብታው ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። እኔ ቤቴ ጠጉር እያባዘትኩ ነበር፤ ሽፈራው ነው እየሳቀ የነገረኝ።

ነገሩ የጀመረው በረግረጉ ነው። መንገዱ በአንድ በኩል ረግረግ ያቋርጣል፤ እዚያ በድንጋይና በአፈር ከፍ አድርገው ሞልተውታል። ኃይሌ በልግ ሲመጣ ይሰምጣል አለ። ደምሴ አይሰምጥም፣ ሲሚንቶ አለበት አለ። ተመላለሱ። ኃይሌ፣ ሲሚንቶ ውሃ መጠጣት ያቆመው መቼ ነው አለና አሳቀበት። ደምሴ ሲሳቅበት አይወድም። እንደ ችሎት ሙግት ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ «በልግ አልፎ መንገዱ ካልቆመ በቅሎ!» አለ። ኃይሌ፣ «ከቆመ ፈረስ!» አለ። ዋስ ጠሩ። ግ/ማች እዚያው እንደተገኙ የመንገድ ዳኛ ሆነው መሐል ገቡ፣ አስማሏቸው። አለቀ። እንደ አባቶቻችን ሥርዓት የጸና ውርርድ ሆነ።

በቅሎ። የትኛዋን በቅሎ? በዚህ ቤት ያለችው በቅሎ አንዲት ናት።

ጠጉሬን ጭና አንኮበርን አቋርጣ አልዩ አምባ የምትወርደው። ጨውና ጥጥ ይዛ ያንን ዳገት የምትመለሰው። ደምሴን ጠየቅሁት። እሱ አይሰምጥም፣ ምን አስጨነቀሽ፣ ፈረስ ይገባልናል ይላል። ቀና ብሎም አላየኝ።

ኃይሌ ደግሞ ሳቀ። እትዬ፣ ብረታው በቅሎሽን ላንቺው ነው የምመልስልሽ አለኝ። ለሁለቱም አልሳቅሁም።

የካቲት 14

ደምሴ አሁን ተራው ባይሆንም ይሄዳል። ረግረጉ እንዲጸና ድንጋይ ያቀብላል። ውርርዱን ለመርታት! ካፖው፣ የሥራው አለቃ፣ ይህንን ሽማግሌ እዩት እያለ ሌሎቹን ያሳያል። ይሞግሰዋል። ይሄም ደስ ብሎታል።

ዛሬ ከወንዝ ስመለስ የገብስ ማሳችን ካብ የለም። በላይ በኩል ያለው ካብ በሙሉ። አማቼ የካቡት፣ እኔ ስመጣ በቆሎ የሚያክል ሙጃ የበቀለበት። ደምሴ አፍርሶ በአህያ አግዞታል። ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ጠርዝ ያለው፣ ለረግረጉ የሚሆን እሱ ነው አለኝ። የሚናገረው እንደ መሐንዲስ ነው።

የጎረቤት ላሞች ቡቃያው ውስጥ ቆመዋል። በዱላ አባረርኩ። አንዷን ከሚገባት በላይ መታኋት። እሷ ምን አደረገች።

መጋቢት 8

ሌሊቱን ዘነበ። ቀኑንም። በረዶ የተቀላቀለበት።

ከሰዓት በኋላ ጩኸት ሰማሁ። ለቅሶ መስሎኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ለቅሶ አይደለም። ረግረጉ ላይ ያለው መንገድ ተሰንጥቆ ግማሹ ሰምጧል፤ የጉብታው ሰዎች ናቸው የሚጮኹት። ገሚሱ እያዘነ፣ ገሚሱ እየፎከረ። ዝናብ እየመታቸው! ግ/ማች በዣንጥላ ሥር ቆመው ለካሁ፣ ለካሁ ይላሉ። ምኑን እንደለኩ እግዜር ይወቅ።

ደምሴ ጭቃ ለብሶ መጣ። ራቱን አልበላም። የሰው እጅ አለበት ይላል። እንዲሁ አይሰምጥም፣ ድንጋዩን እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፣ የሰው እጅ አለበት። ሽፈራው ቤት ሄዶም ይሄንኑ ብሏል። አፍህን ዝጋ አልኩት። ደግሜ ዝጋ አልኩት። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም፤ እሱም ደነገጠ። ግን የተናገረው ከአፉ ከወጣ ቆየ።

መጋቢት 10

ኃይሌን ወሰዱት።

ዛሬ ጠዋት ከጎረቤላ እየመጣ ሳለ፣ በፈረሱ ላይ እንዳለ። እየሳቀ ነበር አሉ። በቅሎዋን ሊረከብ። ባንዶቹ ከተማው መግቢያ ላይ ጠብቀው አወረዱት። መንገዱን ያፈረሰ አንተ ነህ አሉት። ለምን? በቅሎ ለመብላት። ማን አላቸው? ማንም መናገር አያስፈልገውም፤ ከተማው በሙሉ የሰው እጅ አለበት ሲል ነው የሰነበተው። ማን እንደጀመረው እኔ አውቃለሁ።

በሶና ቆሎ ቋጥሬ ሄድኩ። በሶውን ተቀበሉኝ። እሱን አላሳዩኝም። ፈረሱ ግቢው ውስጥ ታስሯል፤ አንዱ ባንዳ ጥርሱን ፈልቅቆ ያያል።

እናቴን ዛሬ ማን ያጎርሳታል። ጎረቤት ይልኩባታል አሉ። አላውቅም።

መጋቢት 13

ጣልያኑ ሹም፣ ካፒታኑ፣ ደምሴን አስጠራው። ውርርዱ እውነት ነው ወይ ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቀው። ደምሴ እውነት ነው አለ።

ለምን? ለምን አልክ? አልኩት። ምስክር አለ፣ ዳኛ አለ፣ ብዋሽ እኔንም ይገርፉኛል ይላል። ይሄን ልረዳው እችላለሁ። ሰው ግርፋት ይፈራል። ግን ቀጠለ። ደግሞስ በእጅ ከፈረሰ ውርርዱን የረታሁት እኔ ነኝ አለ! ፈረሱ የሚገባው ለኔ ነው አለ! ወንድሜ ታስሮ፣ የሚስቱ ወንድም ታስሮ፣ ሰውየው ማን ረታ የሚለውን ይከራከራል።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። እናቴ ስትለው እስቅ ነበር።

አስተርጓሚው ለግ/ማች የነገራቸው፦ የራሳቸው መሐንዲስ ውሃ ነው ያፈረሰው ብሏል። ካፒታኑ ግን ለበላዮቹ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል፤ በኃይሌ ላይ ያለው ነገር ይሄው ውርርድ ብቻ ነው። የነገ ሳምንት እሁድ ሜዳው ላይ ዳኛውን፣ ዋሶቹን፣ ተወራራጆቹን ያቆማል። ውርርዱ ከጸና ኃይሌ በማግስቱ ሰኞ በካሚዮን ወደ አ. አበባ ይጫናል። ከዚህ በካሚዮን ተጭኖ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየንም።

መጋቢት 17

የጥጥ ደንበኛዬ ዘሃራ ከአልዩ አምባ መጣች፤ ጥጥ ይዛ። ዘንድሮ እኔ ስላልወረድኩ እሷ ወጣች። ብርዱ አስነጥሷታል። ገና ሳትቀመጥ ያለቀስኩ መሆኔን አወቀች። ነገርኳት። ሁሉንም። አንቺ ላይ ካልሆነ በቀር ይሄን ያህል ቃል አውጥቼ አላውቅም።

ከዚያ ተናደደች፤ ከኔ ባሰች።

«የትኛዋን በቅሎ? እኔ የሰጠሁሽን? ወላሂ፣ ደምሴ ያን ቀን የት ነበር? እኔና አንቺ አይደለን እንዴ የተዋዋልነው! ሦስት ክረምት የፈተልሽውን ጠጉር በጀርባዬ አይደለም እንዴ ያወረድኩት! በሰው በቅሎ ይወራረዳል እንዴ?»

አንቺ ወረቀት፣ ስሚኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰብኩትም። በቅሎዬ ስል ከርሜ፣ የኔ መሆኗን አላሰብኩትም! ስንጋባ የግል የግል ነው ተብሎ በሽማግሌ ፊት ተነግሯል። ውርርድ ደግሞ በገዛ ሀብት ነው። እሱ ያስያዘው ያልነበረውን ነው።

ዘሃራን አቅፌ ሳምኳት። ምነው፣ አበድሽ አለችኝ።

መጋቢት 18፣ ጠዋት

ግ/ማች ዘንድ ሄድኩ። ሴት ብቻዋን ስትመጣባቸው ግራ ገባቸው። ቆሜ ተናገርኩ። ጺማቸውን ዳበሱ። ከዚያ፣ እውነት ነው፣ ባለቤቱ ባልሰጠው ሀብት ውርርድ አይቆምም፤ ወድቋል አሉ። እንግዲያው ለካፒታኑ ይንገሩት አልኳቸው። አይሆንም አሉ። «እኔ ዳኛ ነኝ ልጄ፣ ያልቀረበልኝን አልፈርድም። የበቅሎዋ ባለቤት መጥታ በአደባባይ በአፏ ትበል። ያን ጊዜ ውርርዱ የለም እላለሁ፤ ለጣልያንም ለማንም።»

ይበቃዋል? ካፒታኑ ይሰማል? እሳቸውም አያውቁም። ሌላ ገመድ ግን የለም።

ማታ

ለደምሴ ነገርኩት። ረጋ ብዬ። አንተው ተናገር አልኩት፤ የሚስቴ ናት፣ ሳልጠይቃት አስያዝኳት በል። ከኔ አፍ ሳይወጣ ካንተ ይውጣ። ክብርህ ይተርፋል።

ፊቱ አመድ መሰለ። ለካፒታኑ እውነት ነው ብያለሁ፣ አሁን ዋሽቻለሁ ልበል? ያስገርፈኛል አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጉብታው ላይ ምን ይሉኛል አለ። የሰው በቅሎ ተወራራጅ! ዕድሜ ልኬን አይለቁኝም። አሰለፈች፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ አለኝ። እጄን ያዘኝ። ጣቶቹ ገና አልዳኑም።

አሳዘነኝ። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ አሳዘነኝ። ሃያ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ልጅ ስንቀብር አብሮኝ ቆሟል። እስከ እሁድ አስብበት አልኩት። አስባለሁ አለኝ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

አሰበ!

ረግረጉን በእንጨት ድልድይ አልፈውት መኪኖቹ ዛሬ ተሞከሩ። ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ እዚህ ይሰማል፤ እንደ ታመመ ጅብ። በቅሎዬ ጆሮዋን አጣብቃ ዋለች። ደምሴ ለግ/ማች ሊናገር የሄደ መስሎኝ ጠበቅሁ። እህል አልቀመስኩም።

ማታ መጣ። አቧራ ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሳቁ ከሩቅ እየተሰማ። ከበሩ ሳይገባ ጀመረ። አባ ቀዩ መታጠፊያው ላይ እንዴት እንደተጋደለ። እኔ እንዳልኩት አይደለም እንዴ! ሽፈራው አፉን ያዘ! አባ ጭሱ ቦይ ውስጥ ገባ፣ እኛ ነን ገፍተን ያወጣነው። በእጁ ያሳየኛል። ወዲህ ሲዞር፣ ወዲያ ሲዞር። በምድጃው ዙሪያ ሮጠ። አምሳ ዓመት የሞላው ሰው።

እስኪጨርስ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ስለ ኃይሌ ለግ/ማች ምን አልካቸው አልኩት።

ቆመ። እጁ መሪ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ሰው በዝቶ ነበር፣ አልተመቸኝም አለ።

አልተመቸውም።

ከዚህ በኋላ አልተናገርኩትም። ተኝቷል። ያንኮራፋል።

መጋቢት 21፣ ማርያም፣ እሁድ ጠዋት

ቅዳሴ ሳልሄድ ቀረሁ። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፤ የኔ ቅዳሴ ዛሬ ሜዳው ላይ ነው።

ፀሐይ ወጥታለች። ሰው ከአሁኑ ወደ ጉብታው ይጎርፋል፤ ቦታ ለመያዝ። የሰው ነፍስ ሊፈረድ ነው፣ እነሱ ደህና ማያ ቦታ ይፈልጋሉ።

የምለውን ከትናንት ጀምሮ ስደጋግመው ነበር፤ አሁን አጥሮልኛል። በቅሎዋ የኔ ናት። በጠጉር የለወጥኳት፣ ዘሃራ ምስክሬ ናት። ለማንም አልሰጠኋትም። ያስያዛት ባለቤቷ አይደለም። ዳኛዬ፣ ይፍረዱኝ። ይሄው ነው። ስለ ደምሴ ሌላ አልጨምርም፤ ሰዉ ራሱ ይጨምርለታል።

ቢገረፍ? ሌሊቱን ሁሉ ይሄንን አገላበጥኩት። ግርፋት ይሽራል፤ አሽቼ አድነዋለሁ፣ ጣቱን እንዳሸሁት። በካሚዮን የሄደ ሰው ግን ምኑ ይታሻል? ቢፈታኝም ይፍታኝ። ጎረቤላ የሚያጎርሳት ሰው የምትጠብቅ እናት አለችኝ።

ዘሃራ መጥታለች፤ ደጅ ላይ ቁማ አሰለፈች፣ ረፈደ ትላለች። በቅሎዬን ጭኛታለሁ። በእግሬ አልሄድም፤ ተቀምጬባት ነው የምገባው፣ በዚያው በዙር መንገዳቸው መሐል።

ደምሴ ነቅቷል። የት ነው አለኝ። ዛሬ ሜዳ ነው አልኩት። ምን ልታዪ ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ኮርቻውን አየና ሳቁ ቆመ። አሁን በሩ ላይ ቆሟል። እጁን በሁለቱ መቃኖች ላይ ዘርግቶ አሰለፈች ይለኛል፣ አሰለፈች፣ ስለ ማርያም ይለኛል።

እርሳሷን አስቀምጬ ልሂድና ዞር በል ልለው ነው።